የእጅ ሥራን በተከታታይ ሥዕል ስለ ማንቀሳቀስ፤ በእንፍራንዝ የቅል መግፋት ምሳሌ

የባላገርን የእጅ ሥራ በጽሑፍ ለመመዝገብ የተነሣ ሰው ሁሉ ፈጥኖም ሆነ ዘግይቶ አንድ ችግር ያጋጥመዋል። ዕቃውን መለካት ይቻላል፤ ስሙን መጠየቅ ይቻላል፤ ከምን እንደ ተሠራና ማን እንደ ሠራው መጻፍም ይቻላል። እጅ በዕቃው ላይ የሚያደርገውን በቃላት ለማስፈር ሲሞከር ግን ጽሑፉ «ወዲያና ወዲህ ይወዘውዙታል» ከማለት አያልፍም። ወዲያና ወዲህ የሚወዘወዘው ነገር ደግሞ ብዙ ነው፤ ወንፊት ይወዘወዛል፣ ጸናጽል ይወዘወዛል፣ በጀርባ የታዘለ ሕፃንም ይወዘወዛል። አንባቢው ከዚህ ቃል ብቻ ተነሥቶ ሥራውን ልሥራው ቢል አይሆንለትም።

ይህ ችግር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በማርሴል ግርዮል መሪነት ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በ1932 በጎንደር ለብዙ ወራት ተቀምጦ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቡድኑ በጉዞው የሰበሰባቸው በሺ የሚቆጠሩ ዕቃዎች፣ ከጎንደር የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የተነሡት ሥዕሎችም ጭምር፣ ዛሬ በፓሪስ ይገኛሉ። ዕቃ ተጭኖ ይሄዳል፤ ዕቃውን ይዞ የሚሠራው ክንድ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። ይህን ቀደም ብሎ የተረዳው ፌሊክስ ሉዊ ሬኞ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። እርሱም በ1895 በፓሪስ በተደረገው የምዕራብ አፍሪካ ኤግዚቢሽን ላይ አንዲት የዎሎፍ ሴት ሸክላ ስትሠራ በተከታታይ ፎቶግራፍ አነሣ፤ የሕዝብን ልማድ በሲኒማ ለማጥናት የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ይህ ነው ይባላል። ሬኞ ያሳሰበው ሸክላው ሳይሆን የሴትዮዋ እጅ ነበር።

እኔም በዚሁ ሐሳብ ወደ እንፍራንዝ ሄድሁ። እንፍራንዝ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በአጠገቧ ባለው ኮረብታ ላይ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የጉዛራ ቤተ መንግሥት ቆሞ የጣናን ሐይቅ ይመለከታል። እንግዳ ሰው ወደዚያ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ለቤተ መንግሥቱ ነው። እኔ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቤት ቅቤ እንዴት እንደሚወጣ ለማየት ነበር የተቀመጥሁት።

ሥራው በአጭሩ ይህን ይመስላል። ወተቱ ጥቂት ቀን ተጠራቅሞ እርጎ ሲሆን በወይራ ጭስ በታጠነ ቅል ውስጥ ይገባል። በሌላ ቤት በቅል ፈንታ ማሰሮ ይሆናል። ቅሉ እስከ አፉ አይሞላም፤ እርጎው ከግድግዳው ጋር እንዲጋጭ ባዶ ቦታ ሊቀርለት ይገባል። አፉ በውታፍ ይደፈናል። ከዚያ በኋላ ባለቤቲቱ ቅሉን በተጠቀለለ አሮጌ ጨርቅ ላይ አስተኝተው በሁለት እጃቸው ይገፉታል። በመጀመሪያ ላይ አየር ስለሚታመቅበት ውታፉ አልፎ አልፎ ይከፈታል። ቅቤው መውጣቱ የሚታወቀው በድምፁ መለወጥ ነው፤ የሚጠራጠሩ እንደ ሆነም ቀጭን ስንደዶ አስገብተው ፍርፋሪ ቅቤ ይዞ እንደ ሆነ ያያሉ። ጊዜው እንደ ወተቱ ብዛትና እንደ ቀኑ ሙቀት ይለያያል፤ በብርድ ቀን እጅግ ይዘገያል።

እኒህ እናት እንድቀመጥና እንድጽፍ በደስታ ፈቀዱልኝ፤ በስልክ ፎቶግራፍ እንዳነሣቸው ግን አልወደዱም። ፊታቸው በማን እጅ እንደሚገባ ስለማያውቁ ይህ መብታቸው ነው። «እጄን ከሆነ ሣለው» አሉኝ። እንግዲህ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ መሥራት የገባሁት በብልሃት ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ፈቃድ በተገኘበት ቦታ እንኳ ቪዲዮ ብቻውን አይበቃም ወደ ማለት ደርሻለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

የተንቀሳቃሽ ሥዕል መሠረቱ ቀላል ነው። አንዱ ከሌላው በጥቂት የሚለዩ ነጠላ ሥዕሎች በፍጥነት ተራ በተራ ሲታዩ፣ ዓይን እንደ ብዙ ሥዕል ሳይሆን እንደ አንድ ተንቀሳቃሽ ነገር ይቀበላቸዋል። ቤልጅጋዊው ዦዜፍ ፕላቶ ይህን በ1832 በሚሽከረከር ክብ ሰሌዳ አሳይቷል። ሲኒማ በሴኮንድ 24 ሥዕል ያሳልፋል፤ ለጥናት ማስታወሻ ግን 8 እንኳ ይበቃል። በሐይቁ ደሴቶችና ዳርቻ ባሉት ቤተ ክርስቲያኖች፣ በናርጋ ሥላሴም ሆነ በዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ የመቅደሱ ግድግዳ አንዱን ታሪክ በተከታታይ ሥዕሎች ከፋፍሎ ያሳያል። ልዩነቱ በዚያ ሥዕሉ ቆሞ ተመልካቹ መዞሩ፣ በዚህ ግን ተመልካቹ ተቀምጦ ሥዕሉ መዞሩ ነው።

ከአገራችን ሰዎችም ይህን ጥበብ በሚገባ የያዘ አለ። አዲስ አበባ ተወልዶ በኒው ዮርክ የሚሠራው ሠዓሊ ዕዝራ ዉቤ በ2011 «ሒሳብ» የተባለውን አጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሠርቷል። ታሪኩ ሁላችንም የምናውቀው የአህያ፣ የፍየልና የውሻ የታክሲ ጉዞ ነው፤ አህያ ከፍላ ስለ ወረደች ዛሬም መኪና ሲመጣ ከመንገድ አትነሣም፣ ፍየል ሳትከፍል ስላመለጠች መኪና ስታይ ትሸሻለች፣ ውሻ መልሱን ስላልተቀበለ እየጮኸ መኪናውን ያባርራል። ዕዝራ የሚሠራው በአንድ ሸራ ላይ ነው። ይሥላል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ በዚያው ሥዕል ላይ ደርቦ ሌላውን ይሥላል። የፊተኛው ሥዕል ከኋለኛው በታች ተቀብሮ ይጠፋል፤ የሚቀረው ፎቶግራፉ ብቻ ነው። ለሠዓሊ ይህ ውበት አለው። ለእኛ ዓይነቱ ሥራ ግን አይስማማም፤ ስሕተቱን ሊነግረን የሚችል ሰው እስኪያየው ድረስ እያንዳንዱ ሥዕል ለብቻው ሊቆይልን ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚረዳው በኮምፒዩተር ያለው የሥዕል ማስተካከያ ፕሮግራም ነው። እኔ የተጠቀምሁበት ጊምፕ የተባለው ሲሆን በ1996 ለሕዝብ የቀረበና እስከ ዛሬም ያለ ዋጋ የሚታደል ነው። በዚህ ፕሮግራም ሥዕሉ ሌየር በሚባሉ ንጣፎች ይከፈላል። ንጣፎቹም ዕቃው ከበስተኋላው እንደሚታይበት ስስ ወረቀት አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራሉ። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲሠራ እያንዳንዱ ንጣፍ አንድ ፍሬም፣ ማለት አንድ ነጠላ ሥዕል ይሆናል። ከሁሉ በታች ያለው በመጀመሪያ ይታያል፤ ከዚያም ወደ ላይ እየወጣ ይሄዳል። ይህን ተራ የገለበጠ ሰው እርጎው ተመልሶ ወተት ሲሆን ያያል ብዬ ብናገር ቀልድ ነው፤ ሥራውን ከመጨረሻው የሚጀምር መሆኑ ግን እውነት ነው።

በኮምፒዩተር ላይ መሣል አልለመድሁም፤ ስለዚህ በእርሳስና በስስ ወረቀት ሣልሁ። በመጀመሪያ አንድ ወረቀት ላይ የማይንቀሳቀሰውን፣ ማለት የመሬቱን መስመር፣ የተጠቀለለውን ጨርቅና የባለቤቲቱን ጉልበት ብቻ አሰፈርሁ። በወረቀቱ አራት ማዕዘን ላይ የመስቀል ምልክት አደረግሁ። ቀጥሎ ሌላ ወረቀት በዚያ ላይ እየደረብሁ ቅሉን፣ ክንዱንና ትከሻውን በስምንት አቋም ሣልሁ፤ ምልክቱንም በሁሉም ላይ ደገምሁ። በአንደኛው ሥዕል ቅሉ ወደ ሰውነታቸው ተጠግቷል፤ በአምስተኛው ከሁሉ በላይ ርቋል፤ በመካከል ያሉት ሦስት ሦስት ሥዕሎች መሄዱንና መመለሱን ያሳያሉ። ፊት አልሣልሁም። የማይንቀሳቀሰውን ለየብቻ ደጋግሞ መሣል እንደማይገባ የተማርሁት በከንቱ ከጠፋ አንድ ቀን በኋላ ነው፤ እጅ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ እኩል ስለማይስል፣ በመጀመሪያው ሙከራዬ መሬቱ ሁሉ እንደ ውኃ ይርገበገብ ነበር።

ወረቀቶቹን ስልኩን በአንድ ቦታ አቁሜ ከላይ ወደ ታች ፎቶግራፍ አነሣኋቸው። በጊምፕ ውስጥ «ኦፕን አዝ ሌየርስ» የሚለው ትእዛዝ ፎቶግራፎቹን በአንድ ጊዜ እንደ ንጣፍ ይከፍታቸዋል፤ ተራቸውን ግን በዓይን መመርመር ይገባል። ከዚያ የላይኛውን ንጣፍ «ኦፓሲቲ» በሚባለው መለኪያ እስከ ግማሽ አሳስቶ የመስቀል ምልክቶቹ በታችኛው ምልክት ላይ እስኪያርፉ ድረስ ማንቀሳቀስ ነው። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ያልተስተካከለ ምልክት በኋላ ሰውን እንደሚያንቀጠቅጥ ወባ ሆኖ ይታያል። ሲያበቃ የማይንቀሳቀሰውን ሥዕል ስምንት ጊዜ አባዝቶ በየአንዳንዱ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሥር ማስገባት፣ የላይኛውን «መልቲፕላይ» በተባለው አደራረብ ማድረግ፣ ከዚያም «መርጅ ዳውን» በሚለው ሁለቱን ማዋሐድ ይገባል። በመልቲፕላይ የወረቀቱ ነጭነት ይጠፋና የእርሳሱ መስመር ብቻ ይቀራል።

የቀረው ጊዜውን መወሰን ነው። በጊምፕ ጊዜው የሚሰጠው በንጣፉ ስም ውስጥ ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ በቅንፍ ቁጥሩና ከእርሱ ጋር ተጣብቀው ኤምና ኤስ የተባሉት የላቲን ፊደላት ይጻፋሉ። ቁጥሩ ሚሊሴኮንድ ነው፤ 1000ው አንድ ሴኮንድ ይሆናል። በሌላ ቅንፍ «ሪፕሌስ» የሚለው ቃል በላቲን ፊደል ካልተጨመረ አዲሱ ሥዕል አሮጌውን ሳይሽር በላዩ ሊታይ ይችላል። «ፊልተርስ» ከሚለው ዝርዝር «አኒሜሽን»፣ ከእርሱም «ፕሌይባክ» የሚለው ሲመረጥ ሥዕሉ ሳይቀመጥ ለሙከራ ይንቀሳቀሳል።

ከባለቤቲቱ አጠገብ ሰዓት ይዤ ስቆጥር በግማሽ ደቂቃ 30 ጊዜ ያህል ይገፉ ነበር፤ እንግዲህ አንዱ መሄድና መመለስ አንድ ሴኮንድ ይፈጃል። አንድ ሴኮንድ ለስምንት ቢከፈል 125 ሚሊሴኮንድ ነው። ነገር ግን ተንቀሳቃሹ ሥዕል በመጨረሻ የሚቀመጥበት ጂፍ የተባለው የፋይል ዓይነት ጊዜን የሚቆጥረው በሴኮንድ መቶኛ ስለሆነ፣ ለሁሉም 120 ሰጠሁና እኩል አደረግኋቸው። ሥዕሉ ሄደ፣ ተመለሰ። እኔ በበኩሌ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ኮምፒዩተሩን ይዤ ሄድሁና አሳየኋቸው። ከዚያ ቀደም ስለ ሥራው የጻፍሁትን ሁለት ገጽ አንብቤላቸው «አዎ፣ እንዲያ ነው፤ ደግ ጽፈሃል» ብለውኝ ነበር። ሥዕሉን ግን ዝም ብለው ጥቂት ካዩ በኋላ፣

«ልጄ፣ ይህ ቅልኮ ባዶ ነው» አሉኝ።

«እማማ፣ እንዴት አወቁት?»

«ወተት ያለበት ቅል እንዲህ አይሮጥም። ወተቱ ሄዶ ይመታና ይመለሳል፤ እጄ እርሱን ይጠብቃል።»

የጽሑፌን ስሕተት ያልነገሩኝ ስለማያውቁት አይደለም። «ወዲያና ወዲህ ይገፋል» የሚለው ቃል ለሙሉውም ለባዶውም ቅል እውነት ስለሆነ የሚታረም ነገር አልነበረበትም። ሥዕሉ ግን ክንዱ የት እንደሚቆም፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ሳይወስን ሊንቀሳቀስ አይችልም፤ ስለ ወሰነም ሊሳሳት ይችላል፤ ስለ ተሳሳተም ሊታረም ይችላል። ቪዲዮ ብቻውን አይበቃም ያልሁት ስለዚህ ነው። ቪዲዮ ያልተመለከትሁትንም ነገር ያለ እኔ ድካም ይቀርጻልና አለማየቴን አይገልጽብኝም። ስምንት ሥዕል የሣለ ሰው ግን ያላየው ነገር ወዲያው ይታወቅበታል።

ደግሞም ቋንቋችን ይህን ሥራ «መግፋት» ብሎ ሰይሞታል። ስሙ የግማሹ ሥራ ስም ነው። ሌላው ግማሽ መቀበል ነው፤ ፈሳሹ ከቅሉ ኋላ ቀርቶ ይደርስና ግድግዳውን ሲመታ፣ እጅ ያን ምት ተቀብሎ ለሚቀጥለው ግፊት ይጠቀምበታል። ለረጅም ጊዜ ሳይደክሙ መግፋት የሚቻለው በዚህ ነው። ስሙን ብቻ ይዤ በመሄዴ የገፊውን ክንድ አይቼ የተቀባዩን ክንድ ሳላይ ቀርቼ ነበር።

እርማቱ ሁለት ነበር። አንደኛው በጊዜው ላይ ነው። ስምንቱን ሥዕሎች በተራ 200፣ 120፣ 80፣ 80፣ 220፣ 120፣ 80፣ 100 አደረግኋቸው፤ ድምሩ አሁንም 1000፣ ማለት አንድ ሴኮንድ ነው። ነገር ግን ቅሉ በሁለቱ ጫፍ ይቆያል፣ በመካከል ይፈጥናል። አንድ መስመር እንኳ ሳልነካ ቅሉ ከበደ። በዚህ ሥራ እጅግ ያስደነቀኝ ይህ ነው፤ ክብደት በመስመር ውስጥ ሳይሆን በጊዜ ውስጥ ይሣላል። ሁለተኛው እርማት አንደኛውንና አምስተኛውን ሥዕል እንደ ገና መሣል ሆነ፤ በፊት ክንዱ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ነበር፣ አሁን ክርኑ ጥቂት ታጥፎ መዳፉ ከቅሉ ሥር ገባ።

ሁለተኛውን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያም ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ውታፉን መቼ ነው የሚከፍቱት?» ብለው ጠየቁ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ሥዕሉ ያለ ማቋረጥ እንዲዞር አድርጌው ነበርና፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለችው ሴት ቅቤ ሳይወጣላት ለዘለዓለም ትገፋ ነበር። እንዲህ ያለ የሚዞር ሥዕል እንቅስቃሴውን በትክክል ቢያሳይም የሥራውን ፍጻሜ ይሰርዛል፤ ለአጥኚ ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም። ባላገር የሚገፋው ለመግፋት ብሎ አይደለምና።

ስለዚህ ስምንቱን ንጣፎች አባዝቼ አራት ዙር፣ ማለት 32 ሥዕል አደረግሁ። ከሁለተኛው ዙር በኋላ እጅ ውታፉን ጥቂት ከፍቶ አየሩን ሲያስወጣ የሚያሳይ አንድ ሥዕል ለ800 ሚሊሴኮንድ አስገባሁ። በመጨረሻም ሁለት ሥዕሎች ጨመርሁ፤ በአንዱ ጆሮ ወደ ቅሉ ዘንበል ብሏል፣ በሌላው ስንደዶው ከቅሉ አፍ ይወጣል፤ ይህ የመጨረሻው 2000 ሚሊሴኮንድ ይቆያል። «ኤክስፖርት አዝ» ተብሎ በጂፍ ሲቀመጥ «አዝ አኒሜሽን» የሚለው ምልክት ይደረግበታል፤ «ሉፕ ፎርኤቨር» የሚለው ምልክት ግን ይነሣል። ያን ጊዜ ሥዕሉ አንድ ጊዜ ሄዶ በስንደዶው ላይ ይቆማል።

ጂፍ በ1987 የተፈጠረና በ1989 የየሥዕሉን የጊዜ ልክ እንዲይዝ የተሻሻለ አሮጌ ዓይነት ስለሆነ ከ256 ቀለም በላይ አይይዝም፤ ድምፅም የለውም። ለእርሳስ ሥዕል የቀለሙ ማነስ አይጎዳም። የድምፁ አለመኖር ግን ጎድሎብናል፤ የቅቤው መውጣት የሚታወቀው በጆሮ ነውና፣ ያን ክፍል በጽሑፍ ጻፍሁት፤ ድምፁንም እርሳቸው ፈቅደውልኝ በስልክ ለብቻው ቀረጽሁ። ተመሳሳይ ሥራ ለሚጀምር ሰው አንድ ምክር ልጨምር፦ ጂፉን ብቻ አያስቀር። ኤክስሲኤፍ በተባለው የጊምፕ የራሱ ፋይል ንጣፎቹ ሳይዋሐዱ፣ ጊዜያቸውም በስማቸው ላይ እንዳለ ይቀመጡ፤ ከእርሱም ጋር የቦታው ስም፣ ቀኑ፣ የዕቃው ልክና በሰዓት የተቆጠረው ይጻፍ። ሌላ አጥኚ በፎገራ ወይም በጎጃም ባለ ቤት ማሰሮ ሲገፋ ያየ እንደ ሆነ፣ የእኔን አምስተኛ ሥዕል አንሥቶ የራሱን ለመተካት ይችላል።

ለእኒህ እናት ሥዕሉን በልጃቸው ስልክ ላይ ጫንሁላቸው። ስንደዶው ወጥቶ ሲቆም ጠጋ ብለው አዩትና፣ በስንደዶው ጫፍ ላይ የሣልሁት ቅቤ በዝቷል፣ ፍርፋሪው ከዚያ ያነሰ መሆን አለበት አሉ። እርሱን ገና አላረምሁትም።